ሙሌቱ እንዳይወልቅ፦ የጥርስ ቦንድ አቀባብ ደረጃ በደረጃ

አንዲት እናት ከአዘዞ መጡ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንዲት ነጭ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። "የኔ ልጅ፣ ቆሎ ስቆረጥም ወጣች" አሉኝ። ከአራት ወር በፊት የሞላሁላቸው ኮምፖዚት (በብርሃን የሚጠነክር ነጭ ሙሌት) ነው። አልተሰበረም። አልተሸረፈም። እንደሞላሁት ሆኖ ነው የወጣው።

ሙሌት እንዲህ ሙሉውን ከወጣ ጥፋቱ የኮምፖዚቱ አይደለም። የለቀቀው ቦንዱ፣ ማለትም ሙሌቱን ከጥርሱ ጋር የሚያጣብቀው ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱም መጥፎ አልነበረም፤ በዚያው ጠርሙስ የሞላኋቸው ሌሎች ጥርሶች ዛሬም አሉ። የዚያን ቀን ቸኩዬ ነበር፣ በቃ።

አዲስ የተመረቁ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ "የትኛው ቦንድ ይሻላል?" ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ "ስንት ሰከንድ አሸኸው? ስንት ሰከንድ ነፋህበት?" እላለሁ። አብዛኛው ዝም ይላል። አንዱን ጠርሙስ ሁለት ሰው ቢቀባው የሚገኘው ጥንካሬ ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነቱ ያለው አንድ ደቂቃ ተኩል በማትሞላ የእጅ ሥራ ውስጥ ነው።

መመሪያው ለጥርስ ሐኪሞችና ለተማሪዎች ነው። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለውም።

## ከሁሉ በፊት፦ የያዛችሁት የትኛው ቦንድ ነው?

ሦስት ቤተሰብ አለ።

አንደኛው ጥርሱ በአሲድ ከተዘጋጀና ከታጠበ በኋላ የሚቀባው ነው። ሁለተኛው ራሱ አሲድነት ያለው፣ ተቀብቶ የማይታጠበው ሴልፍ ኤች ነው። ሦስተኛው ዩኒቨርሳል የሚባለው ሲሆን በሁለቱም መንገድ ይሠራል።

የአንዱን ደንብ ለሌላው መጠቀም ትልቁ ስህተት ነው። የሴልፍ ኤች ፕራይመር (ከቦንዱ በፊት የሚቀባውን ፈሳሽ) ቀብቶ በውሃ ያጠበ ልጅ አይቻለሁ። ፕራይመሩን አጥቦ ጣለው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀባው ቦንድ የሚይዘው ነገር የለም።

እዚህ ጎንደር ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ጠርሙሱ ይደርሳል፣ ወረቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ወረቀት ከሌለው ሻጩን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። አትሙትና ወንበሩ አጠገብ ለጥፉት። ለምሳሌ የሲንግል ቦንድ ዩኒቨርሳል ትእዛዝ 20 ሰከንድ ማሸት፣ 5 ሰከንድ ያህል አየር፣ 10 ሰከንድ ብርሃን ነው። ክሊርፊል ኤስኢ ቦንድ ግን ሁለት ጠርሙስ ነው፤ ፕራይመሩ 20 ሰከንድ ይቆያል፣ በቀስታ አየር ይደርቃል፣ ከዚያ ቦንዱ ይቀባል። ሁለቱን በአንድ ልማድ መሥራት አይቻልም።

## ደረጃ 1፦ ታካሚው ከመምጣቱ በፊት

1. ጠርሙሱን ከፍሪጅ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት። የጎንደር ጠዋት ብርዳም ነው። ቀዝቃዛ ቦንድ ይወፍራል፣ በደንብ አይሰርግም፣ ውስጡ ያለው ማሟሟያም (አሴቶን፣ አልኮል ወይም ውሃ) ቶሎ አይተንም። ወረቀቱ "ነቅንቁ" ካለ ነቅንቁ።

2. የመጠቀሚያ ጊዜውን እዩ። ያለፈበትን ጣሉት። ዋጋው እንደሚያሳዝን አውቃለሁ።

3. ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በየጠዋቱ አፍስሱ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ቀን ላይም ድገሙት፤ አየሩ ራሱ ርጥብ ስለሆነ ታንኩ ውስጥ ብዙ ውሃ ይጠራቀማል።

4. የአየሩን ንጽሕና ፈትኑ። ደረቅ የጥርስ መስታወት ያዙና ለ10 ሰከንድ ንፉበት። ጠብታ ወይም ቅባት ከታየ የዚያን ቀን ቦንድ አትሥሩ። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ክሊኒክ ሙሌቱ ሁሉ ይወልቅ ነበር፤ ሦስት ዓይነት ቦንድ ቀያየርን። መጨረሻ ላይ ነጭ ወረቀት ላይ ስንነፋ የዘይት ነጠብጣብ ወጣ። ለወራት ጥርሱን አደረቅን እያልን ዘይት ስንቀባው ኖረናል።

5. ላይት ኪዩሩን (ቦንዱንና ኮምፖዚቱን የሚያጠነክረውን መብራት) ፈትኑ። ራዲዮሜትር (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ካላችሁ ለኩት፤ ከ600 ሚሊዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አትመኑት። ከሌላችሁ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖዚት በመስታወት ላይ አድርጉና ከላይ ለ20 ሰከንድ አብሩበት። ገልብጡና ከሥሩ በመሣሪያ ፋቁት። ከሥር እንደ ሊጥ ከተነሳ መብራቱ ደክሟል። ጫፉ ላይ የደረቀ ኮምፖዚት ተለጥፎ እንደሆነም እዩ፤ ብዙ ጊዜ "ደከመ" የተባለው መብራት የቆሸሸ ነው።

6. ባትሪውን ሙሉ አድርጉ። መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚነግራችሁ የለም።

## ደረጃ 2፦ ጥርሱን ከምራቅ ለዩት

ራበር ዳም (ጥርሱን ከአፍ የሚለይ የላስቲክ መከለያ) አድርጉ። ይኼ ክርክር የለውም። ምራቅ ብቻ አይደለም ጠላቱ፤ የታካሚው ትንፋሽም እርጥበት አለው።

ራበር ዳም ከሌላችሁ ወይም ጥርሱ ካልያዘው ኮተን ሮል (የጥጥ ጥቅል) በሁለቱም በኩል አድርጉ፣ ሳክሽኑን (ምራቅ መምጠጫውን) አፍ ውስጥ ተዉት። ከአሲድ በኋላ ኮተን ሮሉ መቀየር አለበት። ስትቀይሩት ረዳታችሁ አዲሱን ይዞ ዝግጁ ይሁን። "አንዴ ቆይ፣ ከመሳቢያው ላውጣ" ስትሉ ምራቁ ይገባል።

ድድ ከደማ አትቀጥሉ። መጀመሪያ ደሙን አቁሙ። የደም ማቆሚያ ፈሳሽ ከተጠቀማችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ዴንቲኑ (ከላይኛው ጠንካራ ሽፋን ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) ላይ የቀረ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ጨው በተለይ የሴልፍ ኤችን ጥንካሬ ይቀንሳል። ድዱ ክፉኛ ከተቆጣ ግላስ አዮኖመር (ያለ ቦንድ ራሱ የሚጣበቅ ሙሌት) ሞልታችሁ ከሳምንት በኋላ መልሳችሁ መጥራት ይሻላል። ታካሚው ይቆጣ ይሆናል። ሙሌቱ ሲወልቅ የሚቆጣው ይብሳል።

## ደረጃ 3፦ የሚጣበቅበትን ወለል አጽዱ

የተበላውን ክፍል አውጡ። በተለይ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ጠርዝ ጤናማ ኢናሜል (የጥርሱ ጠንካራ የላይኛው ሽፋን) እና ዴንቲን ይሁን። ከነርቩ አጠገብ ትንሽ የለሰለሰ ዴንቲን ሆን ብላችሁ ብትተዉም ማኅተሙ የሚይዘው ከዳር ነው።

ሻካራ ቡር (የጥርስ መሰርሰሪያ ጫፍ) ስትጠቀሙ ዴንቲኑ ላይ ወፍራም የብናኝ ሽፋን ይቀራል። ሴልፍ ኤች ከሆነ ቦንዳችሁ መጨረሻ ላይ በቀጭን ቡር አለስልሱት፤ ለስላሳው አሲድ ወፍራም ሽፋን ሰርስሮ መግባት ይከብደዋል።

ከዚህ በፊት ምን እንደነካው ጠይቁ፦

- ጊዜያዊ ሙሌቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ከሸተተ ዩጂኖል አለበት። ዩጂኖል የቦንዱን መጠንከር ያግዳል። በደንብ ፋቁት፣ ወለሉን በቡር አድሱት፣ አሲድ የሚታጠብበትን መንገድ ምረጡ።
- ጥርሱን በቅርቡ ያስነጣ ሰው ከሆነ 2 ሳምንት ይጠብቅ። ከማንጫው የቀረ ኦክስጅን ቦንዱን ያዳክመዋል። ሠርግ ደርሶባቸው "ዛሬ አንጣልኝ፣ ዛሬ ሙላልኝ" የሚሉ አሉ። አይሆንም በሉ።
- የሥር ሕክምና ተሠርቶ ከሆነ ዴንቲኑ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ታጥቧል። በረኪናው ኮላጅኑን (የዴንቲኑን የፕሮቲን ክሮች) ይጎዳል፣ ኦክስጅንም ይተዋል። የላይኛውን ዴንቲን በቡር ገፈፍ አድርጉና አዲስ ወለል አግኙ።

## ደረጃ 4፦ አሲዱ

የተለመደው ከ35 እስከ 37 በመቶ የሆነ የፎስፎሪክ አሲድ ጄል ነው። ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው፦

1. መጀመሪያ ኢናሜሉ ላይ ብቻ ዙሪያውን አድርጉ። ሰዓት ያዙ።
2. አሲድ ታጥቦ በሚሠራ ቦንድ ከሆነ 15 ሰከንድ ሲሞላ ዴንቲኑንም ሸፍኑ።
3. ሌላ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ አቁሙ። ኢናሜሉ 30፣ ዴንቲኑ 15 አገኘ ማለት ነው።
4. ቢያንስ 15 ሰከንድ እጠቡ። የጄሉ ቀለም ጠፋ ብላችሁ በ3 ሰከንድ አታቁሙ።

ዴንቲን ላይ ከ15 ሰከንድ ማሳለፍ ለምን ይጎዳል? አሲዱ ማዕድኑን ወደ ውስጥ ጠልቆ ያሟሟዋል። ቦንዱ ግን እዚያ ድረስ አይወርድም። በመካከል ባዶ የቀረ ኮላጅን ይኖራል፤ ውሃ የሚገባበት፣ ከጊዜ በኋላ የሚበሰብስ። የዛሬው ሙሌት ጥሩ ይመስላል፣ ዓመት ሳይሞላው ይለቃል። "ትንሽ ልጨምርበት፣ ይጠንክር" የሚለው ሐሳብ ኢናሜል ላይ አይጎዳም፤ ዴንቲን ላይ ግን ተቃራኒውን ነው የሚሠራው።

በሁለት ጠርሙስ ሴልፍ ኤች የምትሠሩ ከሆነ አሲዱን ኢናሜሉ ላይ ብቻ ገድቡት። ዴንቲኑን አታስነኩ። በዩኒቨርሳልም ኢናሜሉን ብቻ በአሲድ ማዘጋጀት የእኔ ምርጫ ነው። ዩኒቨርሳል ላይ ትንሽ ወደ ዴንቲን ቢፈስ ግን አትደንግጡ፤ እጠቡና ቀጥሉ።

ዝዋይ ወይም ወንጂ አካባቢ አድጎ ጥርሱ በፍሎራይድ ቡናማ የሆነ ታካሚ ጎንደርም ይመጣል፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ከየቦታው ነው። እንዲህ ያለ ኢናሜል አሲድን ይቋቋማል። የላይኛውን ስስ ሽፋን በቀጭን ቡር ገፍፉ፣ አሲዱንም ከተለመደው በላይ አቆዩት።

ማረጋገጫ፦ ታጥቦ ሲደርቅ ኢናሜሉ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መምሰል አለበት። ካበራ አሲዱ አልነካውም። ድገሙት።

## ደረጃ 5፦ ማድረቅ፣ ግን ምን ያህል?

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ግንበኛ ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት ምን ያደርጋል? ውሃ ያርከፈክፋል። ደረቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ልስን ይላቀቃል። ውሃ ቋጥሮ የሚንጠባጠብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈም ይንሸራተታል። በአሲድ የተዘጋጀ ዴንቲንም እንዲሁ ነው።

አሲዱ ማዕድኑን ሲያወጣ የኮላጅን ክሮች ብቻ ይቀራሉ። በውሃ ተደግፈው እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ተበታትነው ቆመዋል። ቦንዱ መግባት ያለበት በክሮቹ መካከል ነው። አየር በኃይል ስትነፉበት ውሃው ይጠፋል፣ ክሮቹ ተደርበው ይተኛሉ። በር ተዘጋ። ቦንዱ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይገባም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ውሃውን ከኢናሜሉ ላይ በአየር ንፉ፣ ዴንቲኑን ግን በትንሽ ጥጥ ሸፍኑት።
2. ከዚያ ጥጡን አንሡና ዴንቲኑን በተጨመቀ ጥጥ ወይም በደረቅ ማይክሮብረሽ (ትንሽ መቀቢያ ብሩሽ) ንካ ንካ አድርጉት። አትጥረጉ።
3. ተመልከቱ። ዴንቲኑ እንደታጠበ ብርጭቆ መጠነኛ ማብረቅ አለበት፤ ማዕዘኑ ውስጥ ግን የቆመ ውሃ መኖር የለበትም።

ከደረቀባችሁ አትጨነቁ፣ የሚመለስ ነገር ነው። ማይክሮብረሽ በንጹሕ ውሃ አርጥቡ፣ ዴንቲኑን ንኩት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ትርፉን በጥጥ አንሡ። ክሮቹ እንደገና ይነሣሉ። ደረቀ ብላችሁ ከላይ ብዙ ቦንድ መደረብ ግን ምንም አያመጣም።

በአሴቶን የተሠራ ቦንድ እርጥበት በጣም ይፈልጋል፤ ደረቅ ላይ ይሞታል። ውሃና አልኮል ያለበት ይቅር ባይ ነው፤ በራሱ ውሃ ክሮቹን በመጠኑ ያነሣል። ስለዚህ እጃችሁ ገና ካልሠለጠነ ሁለተኛውን ግዙ።

ሴልፍ ኤች ላይ ደንቡ ይለያል። ዴንቲኑ በአሲድ ስላልተነካ ክሮቹ አልተጋለጡም። በቀስታ አድርቁት፣ የሚታይ ውሃ አይኑር። አጥንት እስኪመስል መንፋት ግን እዚህም አያስፈልግም፤ ታካሚውን ከማሳመም በቀር ትርፍ የለውም።

2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ካላችሁ አሲዱ ከታጠበ በኋላ ለ30 ሰከንድ ቀብታችሁ ሳታጥቡ ትርፉን በጥጥ ማንሣት ትችላላችሁ። ኮላጅኑን ቀስ በቀስ የሚበሉትን ኢንዛይሞች ያግዳል። ከሌላችሁ እንቅልፍ አትጡበት።

## ደረጃ 6፦ መቀባት ሳይሆን ማሸት

1. ጠብታውን የምታወጡት ልትቀቡ ስትሉ ነው። ቀድማችሁ አውጥታችሁ ማስቀመጫው ላይ ከተዋችሁት ማሟሟያው ይተንና የቀረው ይወፍራል። አሴቶን በ56 ዲግሪ፣ አልኮል በ78 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነው፤ ክፍት ሆኖ አይጠብቃችሁም።
2. ክዳኑን ወዲያው ዝጉ። በደረቁ ወራት በተለይ። መጀመሪያ ጥሩ ይሠራ የነበረ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ የከዳ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ክፍት ሲያድር የከረመ ነው።
3. የወንበሩን ትልቅ መብራት ዞር አድርጉት። ቦንዱን ሳትዘጋጁ ያጠነክረዋል።
4. ማይክሮብረሹን በደንብ አርሱና ወለሉን ሁሉ በመጠነኛ ጫና እሹት። ዴንቲኑንም ኢናሜሉንም። 20 ሰከንድ።
5. በመካከል ብሩሹን እንደገና ነክራችሁ ቀጥሉ። ወለሉ ሁሌ ርጥብ ሆኖ ይታይ።

ማሸቱ ለምን ይጠቅማል? ዝም ብሎ የተቀባ ቦንድ ከጥርሱ ጋር የሚነካካው ስስ ክፍል ሥራውን ጨርሶ ይቆማል። ስታሹት አዲሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የብናኙ ሽፋን ይበተናል፣ ማሟሟያውም እየወጣ ይሄዳል። እንደ 10-ኤምዲፒ ያለው ከካልሲየም ጋር በኬሚካል የሚያያዝ ሞለኪውል ደግሞ ጊዜና ንክኪ ይፈልጋል። በቤተ ሙከራ ሙከራዎች ላይም ታሽቶ የተቀባው ዝም ብሎ ከተቀባው በአብዛኛው የበለጠ ይይዛል።

አሁን ሰዓት አውጡ። ቀልዴን አይደለም። አንድ ተማሪ "20 ሰከንድ አሸሁ" ሲለኝ በስልኬ ይዤ ነበር፤ 8 ሰከንድ ነው። እኔም ራሴን ስፈትን 11 ወጣሁ። አንድ አዛውንት ባልደረባዬ "አቡነ ዘበሰማያት" በልባቸው እየደገሙ ነው የሚያሹት። ሳይቸኩል የተደገመ እንደሆነ ከ20 ሰከንድ ያልፋል። የስልክ ሰዓት የሚያስጠላው እሱን ይሞክር።

ባለ አንድ ጠርሙስ ከሆነ ወረቀቱ ባያዝም ሁለተኛ ቅብ አይጎዳም። ሁለተኛውን ግን ብርሃን ሳታበሩ በፊት ቀቡት።

## ደረጃ 7፦ ማሟሟያውን አስወጡ

ከእርጥበቱ ቀጥሎ ብዙ ሙሌት የሚጥለው ይኼ ደረጃ ነው። ማሟሟያው ሥራው ቦንዱን ይዞ መግባት ነው። ከገባ በኋላ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቦንዱ ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል፣ መጠንከሩንም ያደናቅፋል።

1. ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት በቀስታ ጀምሩ። ቦንዱ እንደ ኩሬ ውሃ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ።
2. እየቀረባችሁ ኃይሉን ቀስ በቀስ ጨምሩ።
3. መንቀሳቀሱን ሲያቆም ገና ነው፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጨምሩ።
4. ማዕዘኑ ውስጥ የተጠራቀመ ካለ በደረቅ ማይክሮብረሽ ምጠጡት። አየሩ ከዚያ አያወጣውም።

ከመጀመሪያው በኃይል ከነፋችሁ ቦንዱ ወደ ግድግዳው ይበተናል፣ ወለሉ ላይ በጣም ይሳሳል። በጣም የሳሳ ቦንድ ደግሞ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተነካክቶ አይጠነክርም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደስ ይላል፣ ሻይ ቶሎ ይደርሳል። ቦንድ ላይ ግን እንዳታስቡት፤ መጨረሻ የሚወጣው ውሃው ነው፣ ከሬዚኑም (ከሚጠነክረው የቦንዱ ክፍል) ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ወረቀቱ 5 ሰከንድ ካለ ያንን እንደ ትንሹ ውሰዱት፤ በክረምት እኔ 10 አደርሰዋለሁ።

ማረጋገጫ፦ ወለሉ ሁሉ እኩል ካበራ ጥሩ ነው። የደበዘዘ ቦታ ካለ እዚያ ቦንድ የለም። ሌላ ቅብ ጨምሩና እንደገና ንፉ።

## ደረጃ 8፦ ብርሃኑ

ጫፉን በተቻለ መጠን አቅርቡት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። 10 ሰከንድ የሚለው መብራቱ ቅርብ ሲሆን ነው። በጥርሶች መካከል ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ጫፉ ከወለሉ ይርቃል፣ ብርሃኑም ይደክማል፤ 20 አድርጉት።

መነጽር ወይም ብርቱካናማ መከለያ ይኑራችሁ። ዓይኑን ፈርቶ ፊቱን ያዞረ ሰው እጁም አብሮ ይዞራል፣ መብራቱ ጉንጩን ሲያበራ ይቆያል።

## ደረጃ 9፦ ወዲያው ኮምፖዚት

ላዩ ትንሽ ሲያጣብቅ ታገኙታላችሁ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት፤ ኮምፖዚቱ የሚያያዘው በእሱ ነው። በአልኮል አትጥረጉት። በጓንት አትንኩት።

የመጀመሪያው ንብርብር ስስ ይሁን። ከዚያ በኋላም ከ2 ሚሊ ሜትር አትለፉ፤ አንዱ ንብርብር ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ግድግዳዎች ባንዴ ባይነካ ይመረጣል። ኮምፖዚት ሲጠነክር ይኮማተራል። ገና አዲስ የሆነውን ቦንድ በሁለት ወገን ከጎተተው ደካማውን ጎን ያላቅቀዋል። ጉድጓዱን ባንዴ ሞልቶ ማብራት፣ እስካሁን የለፋችሁበትን በ20 ሰከንድ ማፍረስ ነው።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ከአሲድ በኋላ ምራቅ ገባ። እጠቡ። አሲዱን ለ10 ሰከንድ ያህል ድገሙ። እጠቡ፣ ትርፉን በጥጥ አንሡ፣ ቀጥሉ። "ትንሽ ነው፣ ይተናል" አትበሉ፤ ውሃው ይተናል፣ የምራቁ ፕሮቲን ይቀራል።

ቦንዱ ተቀብቶ ሳይበራ ምራቅ ገባ። እጠቡ፣ አድርቁ፣ እንደ አዲስ ቀቡ። ሴልፍ ኤች ከሆነ ከፕራይመሩ ጀምሩ።

ቦንዱ በርቶ ምራቅ ገባ። እጠቡ፣ አድርቁ፣ አንድ ስስ ቦንድ ደግማችሁ አብሩ።

ደም ገባ። ከምራቅ ይከፋል። ወለሉን በቡር ገፈፍ አድርጋችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ።

መብራት ሄደ። አሲዱ ጥርሱ ላይ ከሆነ አትጠብቁ፤ ሁሌ ውሃ የተሞላ ትልቅ ሲሪንጅ ይኑራችሁ፣ በእሱ እጠቡ፣ ውሃውን በጥጥ አንሡ። ከዚያ ግላስ አዮኖመር ሙሉና ቀጠሮ ስጡ። ቦንዱ ተቀብቶ አየር ብቻ ከጎደለ በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ መንፊያ ያወጣችኋል፣ ረዘም አድርጋችሁ ንፉ። ባትሪው የሞላ ላይት ኪዩር እዚህ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

ታካሚው በማግስቱ "ስነክስ ያመኛል" አለ። ንክሻው ከፍ ብሎ እንደሆነ በመጀመሪያ በንክሻ ወረቀት እዩ። ንክሻው ልክ ከሆነ የደረቀ ወይም አሲድ የበዛበት ዴንቲን ተጠርጣሪ ነው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ካልቀነሰ ሙሌቱን አውጥታችሁ ድገሙት።

## የወለቀውን ሙሌት አንብቡት

ታካሚ ሙሌቱን ይዞ ከመጣ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። ከበድ ያለ ሥራ የለውም፣ በመነጽር ገልብጣችሁ ማየት ነው።

የሙሌቱ ሥር ለስልሶ ካበራና ጥርሱ ራቁቱን ከሆነ ቦንዱ ዴንቲኑ ውስጥ አልገባም። ደረጃ 5ን ወይም የኮምፕሬሰሩን ዘይት ጠርጥሩ። ጥርሱ ላይ ቦንዱ ቀርቶ ኮምፖዚቱ ብቻ ከተላቀቀ በመካከል ምራቅ ወይም የጓንት ዱቄት ገብቷል። ሥሩን በመሣሪያ ስትነኩት ከለሰለሰ መብራቱ አልደረሰም። ጠርዙ ላይ የኢናሜል ስባሪ ይዞ ከወጣ ቦንዱ ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ የኮምፖዚቱ መኮማተር ወይም የጉድጓዱ ቅርጽ ነው።

የአዘዞዋ እናት ሙሌት ሥሩ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ጥርሳቸው ላይ ምንም የለም። አድርቄባቸው ነበር ማለት ነው። በዚያው ቀን ከደረጃ 3 ጀምሬ፣ ሰዓት ይዤ፣ ዴንቲኑን በጥጥ ሸፍኜ ሞላሁላቸው። ሲወጡ "ቆሎስ?" አሉኝ። ኮምፖዚቱ ከመብራቱ በኋላም እስከ 24 ሰዓት መጠንከሩን ይቀጥላልና "እማማ፣ እስከ ነገ በሌላው በኩል ይቆርጥሙ" አልኳቸው።